ለቁጥር ስምንት የተሰጡ ሰባት ድምፆች

ሴሮ ፒሩል ሰፈር፣ ሜክሲኮ ከተማ
ሐሙስ፣ ጁን 12

ለልጄ ለዳማሪስ፣

መጀመሪያ የአብሪልን ጫማ አውልቂላት። ሁለት ቀን ከምናምን አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ እግሯ ሳያብጥ አይቀርም። ትኩስ ነገር አጠጫትና አስተኛት። ይህን ከዚያ በኋላ አንብቢው። አበልጅሽን ሬፉሂዮንም በጥያቄ አታድርቂያት፤ እሷ የምታውቀው ልጅቷን ወደ እናቷ አድርሺልኝ መባሏን ብቻ ነው።

ለምን አልደወልሽልኝም ትይ ይሆናል። ስልኬን የጠገነልኝ የዶኛ ኦፌሊያ የወንድም ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ሰፈር ውስጥ ይቀድመኛል። ደግሞም የምነግርሽ ነገር በአፌ የሚወጣ አይደለም። ከአፌ የሚወጣውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ ስድብ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋ እጅ ደግሞ ለስድብ አይመችም። ከትናንት ጠዋት ጀምሬ እየጻፍኩ እዚህ ደርሻለሁ።

ነገሩ የዳኞቹ ምርጫ ነው። ድሮ ዳኛ ከላይ ይሾም ነበር፣ እኛም ማንነቱን የምናውቀው ከፈረደብን በኋላ ነው። ዘንድሮ የከተማው ዳኞች በልዩ ምርጫ ይመረጡ ተባለ። አንቺ ለሥራ ወደ ሰሜን ስትሄጂ አብሪል እኔ ዘንድ እንድትቆይ የወሰነችልን ያቺ ባለመነጽር ዳኛ ‹ደጅ ለደጅ ዞሬ ድምፅ አልለምንም› ብላ ወንበሯን ተወችው። ጨዋ ሴት ነች። የጨዋ ሰው ጨዋነት ጦሱ የሚተርፈው ግን ለሌላው ነው።

ለወንበሯ ከሚወዳደሩት አንዱ ማን መሰለሽ? ሬናቶ ባራጋን፤ የባልሽ የኤሊሴዮ ጠበቃ። ችሎት ፊት በጣቱ እያመለከተ ‹ይህች አያት እስከ ትናንት መሃይም ነበረች፣ ልጅ በምን ታሳድጋለች?› ያለው እሱ ነው። ‹እስከ ትናንት› ማለቱ ነው ያንገበገበኝ። የዕጩነት ቁጥሩ 23 ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡትን ሽማግሌ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

‹አይዞሽ፣ የራሱን ደንበኛ ጉዳይ ማየት አይችልም። ይገለላል› አሉኝ።

‹እሱ ከተገለለ ማን ያየዋል?›

‹ከባልደረቦቹ አንዱ።›

‹ባልደረቦቹስ ምሳ የሚበሉት ከማን ጋር ነው?›

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። መፍራት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። የቧንቧ ውሃ ዛሬም ኮረብታችን ላይ አይወጣም። ውሃ የምናገኘው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚመጣው ቦቴ ነው። ቦቴው ለማን በር እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያልፍ የምትወስነው ኦፌሊያ ነች፤ አንቺ ስትሄጂ የሰፈር ኮሚቴ ሊቀመንበር ብቻ ነበረች፣ አሁን ዝናብም ደመናም እሷው ሆናለች። ቦቴውን የሚነዳው ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ኤሊሴዮ ነው። በየሳምንቱ ቱቦውን እየጎተተ ደጃፌ ድረስ ይመጣል። ልጅቷን እንዳያይ የፍርድ ቤት ወረቀት አለ፤ ቱቦ ይዞ እንዳይመጣ ግን የሚከለክል ወረቀት የለም።

‹ዶኛ ኤውሎሂያ፣ ልጄ አደገች አሉ› ይለኛል በርሜሉ እስኪሞላ። ‹ይህን የምቀዳው ለእሷ ነው። ለእርስዎማ ቢሆን አሲድ ነበር የምቀዳልዎ።› ከዚያ ይስቃል። ‹ቀልድ ነው እኮ! አማት አይቀለድባትም እንዴ?›

አብሪል የቦቴውን ጡሩምባ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች። ማንም ግቢ ሳይላት ነው። ባለፈው ማርች የልደቷን ስምንት ሻማዎች ስታጠፋ የላክሁልሽ ፎቶ ላይ ጉልበቷ ላይ ያየሽው ቁስል ከዚያ የመጣ ነው፤ ወደቀች ብዬ ዋሽቼሻለሁ። ልጅቷን የሚፈልጋት ልጅ ስለናፈቀው እንዳይመስልሽ። አንቺን የሚጎትትበት ገመድ ፈልጎ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የምርጫ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች በዕጣ እንደሚወጡ ታውቂያለሽ፤ የተወለድሽበት ወርና የአባትሽ ስም ፊደል ይወጣና ዕዳው ያንቺ ይሆናል። በሕይወቴ ሎተሪ ደርሶኝ የማላውቅ ሴትዮ ይኸኛው ደረሰኝ። ሰደርያ የለበሰች የምርጫ ቢሮ ልጅ በር ላይ መጥታ ‹እማማ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው› ስትለኝ ‹ወረቀቱን ወዲህ በይው› አልኳትና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ስሜ ላይ ስደርስ ድምፄ ተለወጠ። ደስ ብሎኝ ነበር ዳማሪስ፤ ምን ላድርግ። ያቺ ልጅ ሦስት ቀን አሠለጠነችን። ደጋግማ የነገረችን ነገር ‹ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው የመራጭን ወረቀት በእጁ አይነካም› የሚል ነበር።

ከምርጫው በፊት ሐሙስ ዕለት ኦፌሊያ ሰፈሩን ሰብስባ እኛ አኮርዲዮን የምንለውን አደለች፤ እንደ ሙዚቃ መሣሪያው የሚጣጠፍ ወረቀት ነው። ተማሪ ለፈተና የሚደብቀው አጤሬራ በይው። የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ብዙ ናቸው፣ ቀለማቸው ልዩ ልዩ ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ ዳኛ ይሆናል የምትይውን ሰው ቁጥር በእጅሽ መጻፍ አለብሽ። ስንቱን ስም ማን ያውቃል? ስለዚህ ኦፌሊያ አወቀችልን።

‹ዶን ክሪስፒን፣ ይህችን ኪስዎ ውስጥ ይያዙ› አለቻቸው ለጎረቤቴ። ዓይናቸው ሞራ እንደለበሰ ነው።

‹ልጄ፣ እኔ አይታየኝም። ኪሴ ማንበብ ይችላል?›

‹ኪስዎ ባያነብም በርሜልዎ ያነባል።›

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱን ገልጬ የቤተሰብ ዳኛው ሣጥን ውስጥ 23ን ሳየው ነው ሳቄ የቆመው።

እሁድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። የእኔ ሥራ የመረጠውን ሰው ቀኝ አውራ ጣት የማይለቅ ቀለም መቀባት ነበር። ቀላል ሥራ ይመስላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጣት ስይዝ የራሴን አውራ ጣት አስታወሰኝ፤ ይህን ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም።

አንቺ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሽ አባትሽ ፊደንሲዮ መንደራችን ማዘጋጃ ቤት ወሰደኝ። ‹ለልጅቷ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ነው› አለኝ። ጸሐፊው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ወላጅ ኃላፊነት፣ ስለ ደንብ ልብስ። ከልቤ አዳመጥኩት። ወረቀቱ ላይ ከዚያ አንድም ቃል አልነበረም። ‹ተጽፏል፣ እዚህ ጋ ጣትሽን› አለና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ አስጫነኝ። የሸጥኩት እናቴ ያወረሰችኝን መሬት ነበር፤ የበቆሎውን ማሳ ከነውሃ ጉድጓዱ። አባትሽን ስንቀብረው ለምን እንባ አልወጣሽም ብለሽ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፈሽኝ ነበር። ይኸውልሽ። ፊደል የቆጠርኩትም መጽሐፍ ለማንበብ ብዬ አይደለም። ሁለተኛ ማንም በእኔ ስም እንዳይጽፍ ብዬ ነው።

ረፋዱ ላይ መጻፍ የማይችሉት ሽማግሌዎች መምጣት ጀመሩ። ሕጉ የሚያምኑት ሰው ይዘው እንዲገቡ ይፈቅድላቸዋል። ማንን ያምናሉ? እኔን። ‹ኤውሎሂያ ትጻፍልኝ፣ እሷ የኛው ነች› አሉ። ሰብሳቢው ሰልፉን አየና ‹ቶሎ ብለው ይጨርሱላቸው› አለኝ። ያሠለጠነችን ልጅ ያለችውን እያስታወስኩ ተነሣሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ከአኮርዲዮናቸው ላይ እያየሁ አንድ በአንድ በትክክል ገለበጥኩላቸው። 23 ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛው ዶን ክሪስፒን ነበሩ። መጋረጃው ውስጥ ገብተን እርሳሱን እንደያዝኩ ከግቢው በር የቦቴው ጡሩምባ ተነፋ። ኤሊሴዮ ነው፤ ኦፌሊያ ከታች ሰፈር መራጭ ታመላልስበት ነበር። አብሪልን ያን ቀን ሬፉሂዮ ቤት ትቻት ነበር የመጣሁት። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ብዙም አይርቅም። አሁን ጡሩምባውን ሰምታለች፣ አሁን አልጋ ሥር ገብታለች ብዬ አሰብኩ።

እጄ ነው የጻፈው አልልሽም። እኔ ነኝ። 23 በሚጻፍበት ቦታ 8 ጻፍኩ፤ ለዚያው ወንበር የምትወዳደር የአንዲት ሴትዮ ቁጥር ነው።

‹ጻፍሽልኝ?› አሉኝ ዶን ክሪስፒን።

‹ተጽፏል› አልኳቸው።

ያን ቃል ስናገረው የዚያን ጸሐፊ ድምፅ በጆሮዬ ሰማሁት። ሰምቼም አላቆምኩም። ከእሳቸው በኋላ ስድስት ሰው ገባ። የመጀመሪያው ኃጢአት ነበር፤ የቀሩት ስድስቱ ሥራ ሆኑ። የመጨረሻዋ ዶኛ ፔትራ ነች፣ አንቺን ያዋለደችሽ። ስንወጣ እጄን ስማ ‹አንቺ ባትኖሪ ማን ይጽፍልኝ ነበር› አለችኝ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና የራሷን አውራ ጣት ይዤ ቀለም ቀባሁላት።

ኮሮጆዎቹ ታሽገው ሄዱ፤ ቆጠራው የተደረገው ሌላ ቦታ ነው። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ታወቀ። ባራጋን በብዙ ሺህ ድምፅ አሸነፈ። የእኔ ሰባት ድምፅ ባሕር ላይ የተተፋ ምራቅ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሴፕቴምበር ላይ ነው። እኔ ለከንቱ ቀጠፍኩ፣ እሱ ዳኛ ሆነ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምላሴን ነክሼ እሞት ነበር እንጂ አልጽፍልሽም ነበር።

የየጣቢያው ውጤትም ለብቻው ይወጣል። ይህን አላሰብኩትም፤ ፊደል እንጂ ሒሳብ ማን አስተማረኝ። ባለፈው ሰኞ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ለገበያ የሚሄደውን የቁልቋል ቅጠል እሾህ ስልጥ ኦፌሊያ መጣች። ማንም ሳይጋብዛት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

‹እጅዎ ሁልጊዜ እሾህ ውስጥ ነው፣ ዶኛ ኤውሎሂያ።›

‹ሰው እሾህ አይበላም። አንድ ሰው መላጥ አለበት።›

‹እውነትዎን ነው። እኔም አንድ እሾህ ገብቶብኝ ነው። ለእኛ ጣቢያ መቶ አርባ ወረቀት አደልኩ። ምራቴ በር ላይ ቁጭ ብላ መቶ አርባውም ሲገቡ ምልክት አድርጋለች። ቁጥር 23 ያገኘው መቶ ሠላሳ ሦስት ነው።›

‹ታዲያ ወረቀት ያልወሰደም ሰው መርጦታል፣ ያንቺም ሰው ሌላ መርጧል። በምን ይለያል?›

‹በገዛ ፈቃዱ ባራጋንን የሚመርጥ ሰው?› ብላ ከልቧ ሳቀች። ‹እንተዋወቅ እንጂ! የጎደለኝ ሰባት ነው። እስቲ ደግሞ ቁጥር 8ን ይዩልኝ። ሴትዮዋን እዚህ ኮረብታ ላይ ውሻ እንኳ አያውቃት። እኛ ጣቢያ ስንት አገኘች? ሰባት።›

ሌላ ቅጠል አንስቼ ላጥኩ።

‹ፔትራ የጻፈችልኝ ኤውሎሂያ ናት አለችኝ። ክሪስፒንም እንደዚያው።›

‹ያሳዩኝን ነው የጻፍኩት።›

ሦስት ቃል ነች፣ ዳማሪስ። በሦስት ቃል ሰባት ሽማግሌ ሸጥኩ።

‹እንግዲያው የተሳሳቱት እነሱ ናቸው› አለች ቀሚሷን እያራገፈች። ‹እርጅና ነው። በርሜል ሲደርቅ ግን አእምሮ ይመለሳል።› በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ‹ለመሆኑ አብሪል ስንት ዓመት ሆናት?›

መልሱን ሳትጠብቅ ወረደች። ቢላው ከእጄ ላይ ወድቆ ስፈልገው ነበር፤ እግሬ ሥር ሆኖ አላየው አልኩ።

ማክሰኞ ቦቴው መጣ። በፔትራ በር አለፈ። በክሪስፒን በር አለፈ። በሌሎቹም በአምስቱ አለፈ። የእኔ በር ላይ ቆመና በርሜሌን እስከ አፉ ሞላው፤ እስኪፈስ። ኤሊሴዮ ሳይሰድበኝ፣ ሳይቀልድብኝ፣ ፉጨቱን እያፏጨ ቱቦውን ጠቀለለ። ያን ቀን አለመሳደቡ ከአሲዱ ይበልጥ አስፈራኝ። ፔትራ ባዶ ባልዲዋን ይዛ በሯ ላይ ቆማ የሚፈሰውን ውሃ ታያለች። ከጨለመ በኋላ በጓሮ በኩል ሁለት ባልዲ ላድርስላት ብዬ አሰብኩ፤ እሱንም ፈራሁ። እኔ ማን ነኝ? በቀን የሰረቅሁትን ሰው በጨለማ የምመጸውት!

ዶን ክሪስፒን ያን ቀን ከሰዓት ከታች ከትልቁ መንገድ ውሃ ሊቀዱ ደረጃውን ወረዱ። ያ ደረጃ ዓይኑ ለሚያይ ሰውም አይሆንም። ሲመለሱ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው። ባልዲውን አልለቀቁትም ነበር አሉ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ማለት ትናንት፣ በበሬ ሥር ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። አኮርዲዮን ነው። 23 ተሰርዞ ከጎኑ 8 ተጽፎ በቀይ ተከቧል። ከሥሩ ሰዓት ተጽፏል፦ 12፡30። አብሪል እኩለ ቀን አልፎ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። መሃይም ብሆን ኖሮ እሳት አቀጣጥልበት ነበር፣ እድናለሁም ነበር። አነበብኩት።

ከትናንት ጀምሮ ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ለአስተማሪዋ ትኩሳት ይዟታል ብያለሁ። ሬፉሂዮ ነገ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከሚነሣው አውቶቡስ ቲኬት ቆርጣለች። የእህቷን ልጅ ይዛ ወደ ሰሜን እንደምትሄድ ነው ለሰው የምትናገረው።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ልጅቷ ከአያቷ ቤት እንዳትወጣ ያዛል። ትእዛዙን የጣስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ላኪልኝ አላልሽኝም፣ አላወቅሽም። አንድ ቀን ዳኛ፣ የትኛውም ዳኛ፣ ከጠየቀሽ ይህን ደብዳቤ አሳዪው። በሬ ሥር የተገኘውን ወረቀት አብሬ አጥፌዋለሁ። የእጄን ጽሑፍ እዚህ ኮረብታ ላይ የማያውቅ የለም፤ እንደ እኔ ፊደሉን ወደ ግራ የሚያጋድል ሰው አልተፈጠረም። ያ ባራጋን ሳይቀር ‹እስከ ትናንት መሃይም የነበረችው› ብሎ ይመስክርልሽ።

እኔ ሬፉሂዮ ከመጀመሪያው ማቆሚያ ደውላ ‹ዝናቡ አባርቷል› እስክትለኝ አፌን አልከፍትም። እንደተባባልነው ነው። ከዚያ መጀመሪያ ፔትራ ቤት እሄዳለሁ። ቀጥሎ ሆስፒታል። ከዚያ ኦፌሊያ ጋ ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ‹ሰባቱም የእኔ ናቸው፣ ለሽማግሌዎቹ ውሃቸውን መልሺ› እላታለሁ። ኦፌሊያን እፈራታለሁ። ኤሊሴዮን እፈራዋለሁ፤ በሩ ባዶ ቤት ላይ ሲከፈትለት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን ፔትራን ነው። ‹የእኔን ወረቀት ነው?› ብላ ታየኛለች፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥቼ መሬቴ መሸጡን ያወቅሁ ቀን በመስታወት አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እየዞርኩት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ፊትሽ አብጦ በሬን ያንኳኳሽ ቀን ‹ባልሽ ነው፣ ቻዪው፣ እኔም ችያለሁ› ብዬ መለስኩሽ። ቡና እንኳ አልሰጠሁሽም። አብሪል አምስት ዓመቷ ነበር፣ ትከሻሽ ላይ ተኝታ ነበር። ደረጃውን ስትወርጂ በመስኮት አይቼሻለሁ። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር። እንደከፈትኩት ቀረ።

ለልጅቷ ሁለት ሳምንት እናትሽ ጋ ትቆያለሽ፣ ከዚያ እኔም እመጣለሁ ብያታለሁ። ሰማያዊ ሹራቤን በቦርሳዋ ከትታዋለች፤ ‹ስትመጪ እንዳይበርድሽ› አለችኝ። አምናኛለች። አንቺም አታርሚያት።

የጓዳሉፔ እመቤት መጎናጸፊያዋን ታልብሳችሁ። የምትለቅሚው እንጆሪ እጅሽን አይቁረጠው። በር ስትከፍቺ ማን ነው ሳትይ አትክፈቺ። ልጅሽ በሯን ስታንኳኳ ግን፣ አንድ ቀን ታንኳኳለች፣ ማን ነው ሳትይ ክፈቺላት።

በገዛ እጇ የጻፈችው እናትሽ፣
ኤውሎሂያ ሳንዶቫል

አብሪል ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆው ሥር ትንሽ ታስቀራለች። አትቆጫት፤ ለእኔ ማስቀረቷ ነው። ዝም ብለሽ ጠጪላት።